ዳገቱ የፈቀደውን ያህል

ባለፈው ጥቅምት እኔና ባለቤቴ አስካለ ከድሬዳዋ ስንመለስ ባቡሩ ሞጆ ላይ ቆመና አልነቃነቅ አለ። የልጃችንን ልጅ ክርስትና አስነስተን፣ አንድ ዘንቢል ሙሉ ብርቱካን ይዘን፣ ወደ ደብረ ብርሃን ወደ ቤታችን መመለሳችን ነበር። ሰዉ እግሩን ሊያፍታታ ወረደ። ቅቅል በቆሎ የሚሸጡ ሴቶች በየመስኮቱ ሥር ተኮለኮሉ። እኔም በቆሎ ገዝቼ ስመለስ፣ ሸሚዙ በቅባት የጠቆረ አንድ የባቡር ሠራተኛ ከሁለት ፉርጎዎች መካከል ገብቶ ማያያዣውን ሲፈታ አየሁት። የፊተኛውን ግማሽ ከኋለኛው መለየቱ ነው። እኛ የተሳፈርንበት ፉርጎ ከሚቀሩት ወገን ነበር።

«ልጄ፣ ምን ተበላሸ?» አልሁት።

«ምንም አልተበላሸም አባባ። ጭነቱ በዝቷል። ከዚህ በኋላ ዳገቱ ይጠናል። ዳገቱ ለዚህ ባቡር የሚፈቅድለት ይህን ያህል ብቻ ነው። የፊቱን አድርሶ ለእናንተ ይመለሳል።»

«እስካሁን ሁላችንንም ሲጎትት መጥቶ የለም ወይ?»

«እስካሁንማ መንገዱ የዋህ ነበራ!» ብሎ ሳቀ። የባላገር ጥያቄ መስሎታል።

እኔ አልሳቅሁም። ቀና ብል አስካለ በመስኮቱ በኩል ሰምታናለች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ፊቷን ወደ ወዲያ አዞረች። ባቡሩ ግማሹን ይዞ እያቃሰተ ሄደ፣ ጢሱ በጤፉ ማሳ ላይ ተኛ፣ እኛም ያለ ጎታች በሐዲዱ ላይ ቀረን። ያን ጊዜ ነው ዘለቀ የመጣብኝ። ዘለቀ የአስካለ ታላቅ ወንድም ነበር። ከሞተ አርባ ዓመት አልፎታል። በእኛ ቤት ግን ስሙ አይነሳም፤ ቢነሳም በሹክሹክታ ነው።

ነገሩ የሆነው ንጉሡ ገና አንኮበር ሳሉ፣ የከብቱ እልቂት ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እኔ ያኔ ጺሜ ገና ማቆጥቆጥ የጀመረ፣ አስካለን ካገባሁ ዓመት ያልሞላኝ ጎረምሳ ነበርሁ። ከአንኮበር ከተማ ቁልቁል፣ ወደ አልዩ አምባ ገበያ በሚወርደው መንገድ ላይ ባለች መንደር ነበር የምንኖረው። አጎቴ ነጋዴ ስለነበረ ልጅ ሳለሁ ወደ ባሕር ዳርቻ ወስዶኝ፣ እዚያ ከፈረንጆች ጋር ስውል ሳድር ቋንቋቸው አፌ ላይ ቀርቷል። ስመለስ ግቢ አስጠርተው አስተርጓሚ አደረጉኝ።

ያን አገር ያላየ ሰው ዳገት ሲባል ምን እንደሆነ የሚያውቅ አይመስለኝም። ታች ቆላው በሙቀት ይጨሳል። ግመሎቹ አልዩ አምባ ላይ ጨውና ጨርቁን አራግፈው ይመለሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ግመል አይወጣም። ያለው የአህያ፣ የበቅሎና የሰው ጉልበት ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ እንደ ከብት መንጋ በሸለቆው ይወጣና፣ የፊትህን ሰው ሳታይ ድምፁን ብቻ ትሰማለህ። በዚያ መንገድ ላይ፣ ከመንደራችን ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አለቱ ወጣ ያለበት ጠማማ ቦታ አለ። ስሙ አህያ ፈጅ ነው። ስሙን ያወጡለት ዝም ብለው አይደለም።

በዚያው ዘመን አንድ ፈረንጅ መጣ። ስሙ ሙሴ ዦርዥ ነበር፤ ሙሴ በቋንቋቸው እንደ እኛ አቶ ነው፤ ሰዉ አፉ አልታዘዝ ሲለው ሙሴ ጊዮርጊስ አለው፣ እሱም በዚሁ ስም አቤት ማለት ለመደ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያስብ የጺሙን ጫፍ የሚያኝክ ሰው ነበር። ያመጣው ነገር ትንሽ የእንፋሎት ባቡር ነው። ከግቢው አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ጥቂት ሐዲድ ዘርግቶ፣ ባቡሩ ሲስብ ንጉሡ በዓይናቸው አይተው መንገዱን እንዲፈቅዱ ነበር ሐሳቡ። መንኮራኩሩ፣ ቧንቧው፣ ሐዲዱ ተቆራርጦ በግመል መጥቶ በሸክም ወጣ። አንድ ነገር ብቻ አልቆረጥ አለ፤ ውሃው የሚፈላበት የብረት ጋን። ከተኛ በሬ ይበልጣል። ከባሕሩ ዳርቻ ጀምሮ በበረሃው እየተጎተተ፣ ከዓመት በላይ በመንገድ ቆይቶ፣ አልዩ አምባ ደረሰና እዚያ ቆመ።

ሥራውን እንዲመሩ የታዘዙት ባላምባራስ ደስታ ነበሩ። ቁጡ ሰው ናቸው፣ ክፉ ግን አልነበሩም። አንድ ቀን ዘለቀን አስከትለው ሙሴ ጊዮርጊስ ቤት መጡ። ዘለቀ ለጉተታው ከተመረጡት ገበሬዎች አንዱ፣ ለጥማድ በሬዎቹ ሲል ነፍሱን የሚሰጥ ጠንካራ አራሽ ነበር።

«ንጉሡ የጠየቁት አንድ ነገር ነው» አሉ ባላምባራስ ወደ እኔ እያዩ። «ይህ ባቡር የሚሉት የስንት በቅሎ ጭነት ይስባል? ይንገረኝ።»

ተረጎምሁ። ሙሴ ጊዮርጊስ ጺሙን አኝኮ፣ «እንደ መንገዱ ነው» አለ።

«ይህ መልስ ነው? በቅሎ ስገዛ ምን ትችላለች ብዬ ብጠይቅ እንደ መንገዱ ነው ይሉኛል?»

ፈረንጁ አልተቆጣም። ተነሥቶ ረጅም ሳንቃ አመጣና በሁለት በርጩማ ላይ አጋደመው። አናጢ የሠራለትን ባለ አራት እግር ትንሽ ጋሪ ከላዩ አስቀምጦ ድንጋይ ጫነበት። በጋሪው አንገት ቀጭን ጠፍር አሰረ፣ ጠፍሩን በሳንቃው ጫፍ አሳልፎ ቁልቁል ለቀቀው፣ በጫፉም ባዶ ከረጢት አንጠለጠለ። ከዚያ አንድ ቁና ገብስ ለዘለቀ ሰጠውና በከረጢቱ ውስጥ ጥቂት ጥቂት እንዲጨምር በእጁ አመለከተው። ዘለቀ በእፍኙ ጨመረ፤ ገና እፍኙን ሳይጨርስ ጋሪው ተንቀሳቀሰ።

«ይህ ሜዳ ነው» አለ ሙሴ ጊዮርጊስ።

ከዚያ ጠፍሩ ከሚወርድበት የሳንቃው ጫፍ ሥር ፍልጥ አስገብቶ ትንሽ ቀና አደረገው። ዘለቀ ጨመረ፣ ጨመረ። ጋሪው አልነቃነቅ ብሎ ቆይቶ በመጨረሻ ተሳበ። ሌላ ፍልጥ ጨመሩ። አሁን ከረጢቱ አፉ ድረስ ሞልቶ እንኳ ጋሪው ዝም አለ። ዘለቀ ቁጭ ብሎ ድንጋዩን አየው፣ ከረጢቱን አየው።

«ድንጋዩ አልጨመረም እኮ» አለ። «ያው ድንጋይ ነው። ገብሱ ግን አለቀ።»

ፈረንጁ ሲተረጎምለት ፊቱ በራ። እየቸኮለ ይናገር ጀመር፣ እኔም እየተከተልሁ ተረጎምሁ። በአገራቸው ለእያንዳንዱ ባቡር የሚስበው ጭነት ተቆርጦለታል አለ። የሚቆረጥለት በሜዳው አይደለም። ከመንገዱ ሁሉ ከባዱ ዳገት የት እንዳለ ይፈለጋል፤ እዚያ ላይ የሚችለውን ያህል ብቻ ከመነሻው ይጫንለታል። ባቡሩ ራሱ ከባድ ካልሆነ መንኮራኩሩ በከንቱ እየተሽከረከረ ሐዲዱን መቆንጠጥ ያቅተዋል። ከባድ ሲሆን ደግሞ ዳገት ላይ ከጭነቱ በፊት የራሱን ገላ ማውጣት አለበት። ስለዚህ ሜዳ ላይ ብዙ የሚስበው ዳገት ላይ በጥቂቱ ይሸነፋል።

«ታዲያ ለአንዲት ክፉ ቦታ ብሎ የሜዳውን መንገድ ሁሉ ጎዶሎ ጭኖ ይሄዳል?» አሉ ባላምባራስ።

«አዎን። ወይም እዚያች ቦታ ላይ አጋዥ ይጨመርለታል።»

«ይህማ የአህያ ፈጅ ነገር ነው» አለ ዘለቀ። «ገበያ ላይ አህያ ስንጭን ሜዳውን እያየን ነው የምንጭነው። መጀመሪያ አህያ ፈጅን ማሰብ ነበረብን።»

ሁላችንም ሳቅን። ባላምባራስም ሳቁ። እኔ አስተርጓሚው እንኳ፣ ቃሉን አፌ ሲያመላልሰው የነበረውን ነገር፣ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አንዳንድ ነገር በቋንቋ አይተረጎምም፤ በእፍኝ ገብስ ይተረጎማል።

ጉተታው የተጀመረው ሁዳዴ ሲጋመስ ነው። ጋኑን ከወይራ ግንድ በተሠራ መጎተቻ ላይ በጠፍር አሰሩት። ከየመንደሩ ጥማድ ጥማድ በሬ መጣ፣ ሰዉም በገመዱ ላይ ተሰለፈ። በቆላው ሜዳ ላይ ያ ብረት እንደ ፈቃደኛ እንግዳ ተከተለን። አዝማሪ ሳይጠራ ሰው ሁሉ ያዜም ነበር። ከቅዳሴ መውጫ በኋላ በሶ በጥብጠን፣ ተልባና ሽሮ በልተን፣ በዛፍ ጥላ ሥር ጋደም እንላለን። የዘለቀ ሥራ ከኋላ ነው። ጉተታው ባረፈ ቁጥር መጎተቻው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ትልልቅ የእንጨት ሽብልቅ ከሥሩ ይወትፋል። አደገኛ ሥራ ስለሆነ ማንም አልፈለገውም፤ እሱ ግን «ፊት ሆኜ የበሬ ጭራ ከማይ ኋላ ሆኜ አገር ልይ» እያለ ይቀልድ ነበር።

ዳገቱ ሥር ስንደርስ የበልጉ ዝናብ ጣለ።

በሌላ አገር ዝናብ በረከት ነው። በእኛ አገር የበልግ ዝናብ ግን በረከትም ጥሪም ነው፤ መሬቱ ለስልሶ ሳለ ገብሱን ያልዘራ ሰው ዓመቱን ሙሉ ያለቅሳል። የአፈሩ ሽታ ሲመጣ በሬዎቹ እንኳ አፍንጫቸውን አነሡ። ገበሬዎቹ ሥራ እየሠሩ ዓይናቸው ወደየማሳቸው ነበር። በማግስቱ ከሾላው ሥር ተሰብስበው ዘለቀን አፈ ጉባኤ አደረጉት።

ዘለቀ ባላምባራስ ፊት ቆሞ ነጠላውን ደረቱ ላይ አደገደገ። «ጌታዬ፣ ለንጉሡ ሥራ ጉልበታችንን አንነፍግም። ነገር ግን በሬዎቻችን ዛሬ ካላረሱ ክረምቱን ልጆቻችን ምን ይቀምሳሉ? ሰዎቹ እንቅር። በሬዎቹን ይልቀቁልን።»

ሙሴ ጊዮርጊስ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «ለአህያ ፈጅ ሁሉም በሬ ያስፈልጋል» አለኝ። «በሬዎቹ ከሄዱ ዝናቡ አልፎ እስኪመለሱ እንጠብቅ።»

«መጠበቅ የለም» አሉ ባላምባራስ። «ንጉሡ ከፋሲካ ማግስት ሊያዩት ቀን ተቆርጧል። እኔ ምን ብዬ እቀርባለሁ?»

እንዲህና እንዲያ ሲባል ቆይቶ በመጨረሻ የበሬው ግማሽ እንዲለቀቅ፣ በቦታው ሰው እንዲጨመር ተባለ። ይችል እንደሆነም እዚያው አጠገባችን ባለው ቀለል ያለ ዳገት ተሞከረ። ጋኑ ወጣ። ቀስ ብሎ፣ እያጉረመረመ፣ ግን ወጣ። «ይኸው!» አሉ ባላምባራስ፤ ሰዉ እልል አለ። ሙሴ ጊዮርጊስ ግን ወደ ላይ ያይ ነበር። ከላይ ጉም ብቻ ነበር፤ አህያ ፈጅ በጉሙ ውስጥ ነው። ጺሙን ሲያኝክ ቆየ። ያን ባቡር ለማሳየት ስንት ዓመት እንደደከመ አውቃለሁ። የገበሬዎቹንም ፊት አየ። ከዚያ እኔን ሳይጠብቅ በገዛ አፉ፣ በአማርኛ፣ «ይበቃል» አለ። ይህችን ቃል የተማረው ማዕድ ላይ ነው፤ ወጥ ሲጨምሩበት የሚላት ቃል ናት።

የዘለቀ በሬዎች ከተለቀቁት መካከል ነበሩ። ወደ እናቱ ማሳ ሰደዳቸውና እሱ ቀረ። «አንተስ ለምን አትሄድም? ጠይቄ አስፈቅድልሃለሁ» ስለው፣ «እኔ ለምኜ በሬዎቹን ካስወጣሁ በኋላማ፣ ራሴ ብቀር ነው የሚያምርብኝ» አለኝ። ትከሻዬን መታ አድርጎ ወደ ሽብልቁ ሄደ።

አህያ ፈጅ የደረስነው ረፋድ ላይ ነው። ጉሙ ከጥድና ከወይራው ቅጠል ይንጠባጠብ ነበር። የጾመ ሰው እስትንፋስ፣ የበሬ ላብ፣ የራሰ ቆዳ ሽታ ባንድነት ይመጣል። ጠፍሩ ሌሊቱን በዝናብ ርሶ ስለነበረ ሲጎተት ይለጠጣል እንጂ አይጠብቅም። እኔና ሙሴ ጊዮርጊስ ከመንገዱ ዳር ከፍ ካለው ቦታ ላይ ቆመናል። «ሳብ!» ሲባል ይሳባል፣ ዘለቀ ይወትፋል፣ ሰዉ ያርፋል። እንዲህ እያለ፣ ቀኑ ሲያዘነብል፣ ጠማማው ላይ ግማሽ ደረሰ። እዚያ በሬዎቹ በጉልበታቸው ተንበረከኩ።

«ያዝ! ያዝ!» የሚል ጩኸት ከፊት መጣ።

ዘለቀ ሽብልቁን ከተተ። ሽብልቁ ግን ጭቃው ላይ ነበርና ከነጋኑ ተንሸራተተ። ለመዝለል ጊዜ ነበረው። ዛሬም ድረስ በዓይኔ ይታየኛል፤ በስተቀኙ ሣር የለበሰ ገመገም ነበር፣ አንድ እርምጃ ቢራመድ ይድን ነበር። እግሩንም አንሥቷል። ከዚያ ወደ ታች ዘወር ብሎ አየ። የመንደራችን ሴቶች የጎታቾቹን ምግብ ይዘው፣ በቅዳሴ መውጫ ሊደርሱ፣ በጠማማው ታጥፈው ብቅ ማለታቸው ነበር። ከፊት ያለችው አስካለ ናት። እነሱ ያሉበት መንገድ ጠባብ ነው፤ በአንድ ወገን አለት፣ በአንድ ወገን ገደል።

«አስካለ!» ብሎ ጮኸ። ሁለተኛውን ሽብልቅ አንሥቶ ተመለሰና ከጋኑ ሥር ገባ።

ጉሙ ዘጋን። አንድ ከባድ ነገር ሲንኮታኮት ሰማን፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ሰዉ «ቆመ! ቆመ! እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ። ባላምባራስም አማተቡ። በምን እንደ ቆመ ያወቅነው ጉሙ ትንሽ ሲገለጥ ነው።

ዘለቀን ለማውጣት ጋኑን ወደ ጎን ማንከባለል ግድ ሆነ። ተንከባሎ በሁለት አለቶች መካከል ተሰነቀረ፣ አፉ ወደ ቆላው ዞሮ። ከዚያ ያነሣው አልተገኘም። ባላምባራስ «ይነሣ» ብለው አላዘዙም፤ ቢያዙም የሚነካው ሰው አልነበረም።

በሣልስቱ ሙሴ ጊዮርጊስ ለቅሶ ቤት መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ በእግሩ፣ ያለ አሽከር። ሰዉ አጉረመረመ። የዘለቀና የአስካለ እናት እሜቴ ብዙነሽ ግን እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት።

«አንተ ልጅ፣ ጠይቅልኝ» አሉኝ። «ዳገቱ እንደማይፈቅድ ያውቅ ነበር ወይ?»

 አማቴ ናቸው፣ ልጃቸው ሞቷል፣ ጥያቄውም ሌላ መውጫ የለውም። ተረጎምሁለት። ዓይኑን አላሸሸም። የንጉሥ ትእዛዝ ነበር ሊል ይችላል፤ ገበሬዎቹ ለመኑኝ ሊል ይችላል። ሁለቱም እውነት ነው። እሱ ግን «አውቅ ነበር» ብቻ አለ።

ይህንንም ተረጎምሁ። አልቃሿ እንኳ ድምፅዋን አቋረጠች። እሜቴ ብዙነሽ የተቀመጡበትን ቆዳ፣ ጀንዲውን፣ በእጃቸው ጠረግ አደረጉ።

«እንግዲያው ቁጭ ይበል በለው» አሉ። «ሌላው ሰው አልቅሶ ቤቱ ይገባል። ይህ ግን ያወቀውን ይዞ ብቻውን ወዴት ይሄዳል?»

ከአጠገባቸው ጀንዲው ላይ ቦታ ለቀቁለት። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ከሐዘንተኞቹ ጋር ተቀምጦ ዋለ። 

ፋሲካ አለፈ። ንጉሡ ነገሩን ሰምተው አዘኑ፣ የባቡሩም ወሬ ለጊዜው ቀዘቀዘ። ሙሴ ጊዮርጊስ መንገዱ እስኪደርቅ ቆየ። በእነዚያ ወራት አህያ ፈጅ ላይ ብቻውን ቆሞ፣ ቱንቢ አንጠልጥሎ ዳገቱን ሲለካ ብዙ ሰው አይቶታል። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ለምን እንደሚለካ አልጠየቅሁትም። ሲሄድ እስከ አልዩ አምባ ሸኘሁት። «ባቡር አገርህ ይገባል» አለኝ። «በዚህ በኩል ግን አይመጣም። ዳገቱን ሸሽቶ ዞሮ ይመጣል።» እንዳለውም ሆነ። እሱ ግን አላየውም፤ በባሕር ላይ ታሞ ሞተ የሚል ወሬ ከነጋዴዎች ሰማሁ።

ከዚያ ጋኑ መጮህ ጀመረ።

ወደ ማታ ነፋስ ከቆላው ሲነሣ በጋኑ አፍ ይገባና በውስጡ ባሉት ቧንቧዎች ይወጣል። ድምፁ የሰው ማቃሰት ይመስላል። አንዳንድ ነጋዴዎች በጉም ሲያልፉ «ያዝ! ያዝ!» ሲል ሰማን ብለው ማሉ። ቄሱ ጠበል ረጩበት፤ አልተወም። ሰው መንገዱን መተው ጀመረ። በላይ በኩል በእሾሁ ውስጥ ሌላ ቀጭን መንገድ ተረግጦ ወጣ። ጭነት የያዘች አህያ እንኳ ከዚያ ስትደርስ ጆሮዋን ታቆም ነበር።

አስካለ ግን ወደዚያው ትሄድ ነበር። መጀመሪያ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ የዘገየች መሰለኝ። አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተከተልኋት። አለቱ ላይ ተቀምጣ፣ እንዝርቷን እያሾረች፣ ወደ ጋኑ አፍ ጎንበስ ብላ ታወራ ነበር። ቀይዋ ላም ወለደች ትላለች። የእማዬ ጉልበት አሁንም ያማታል ትላለች። በበሬዎችህ የዘራነው ገብስ አሸተ ትላለች። ከዚያ ትጠብቃለች። ከውስጥም አንድ ነገር ይመልስላታል፤ ዝቅ ያለ፣ የተጎተተ ድምፅ። ዛፎቹን አየሁ። የወይራው ቅጠል አይነቃነቅም ነበር። ነፋሱ ከታች ብቻ ይነፍስ እንደሆነ እንጃ።  ሳታየኝ ተመለስሁ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ለእሷም ለሌላም ሰው ይህን አንሥቼ አላውቅም። ዘለቀ የሚለው ስም ሲነሣ ቁስሏን እንዳልነካ ብዬ ከቤት እወጣ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የከብቱ እልቂት መጣ። በሬ የሚባል ዘር ከአገር ጠፋ፤ ከኋላው ረሃቡ ገባ። ሰው መሬቱን በእጁ መቆፈር ግድ ሆነበት፣ ለዶማ የሚሆን ብረት ግን አልነበረም። ያኔ ቀጥቃጮች መዶሻቸውን ይዘው አህያ ፈጅ ወጡ። ርቦት የሚሞት ሰው ከሚጮህ ብረት አይሸሽም። ቆራርጠው፣ አግለው፣ ዶማ አደረጉት። እኛም አንድ ደረሰን፤ በእሱ ቆፍረን የዘራናት ትንሽ ገብስ ናት ከሞት ያተረፈችን። አስካለ መጀመሪያ ቀን ዶማውን አንሥታ ብረቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።  ከዚያ ወዲያ አህያ ፈጅ ዝም አለ።

ሞጆ ላይ ይህን ሁሉ ሳስብ በቆሎው በእጄ ቀዝቅዞ ነበር። ወደ ፉርጎው ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ፀሐይዋ በሜዳው ላይ ጋደል ብላለች። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ውጭ ነበሩ። እንዴት እንደ ደፈርሁ አላውቅም፤ ምናልባት እርጅና ነው።

«አስካለ» አልሁ፣ «ያኔ ከጋኑ ውስጥ ምን ትሰሚ ነበር?»

ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። እንደማውቅ አላወቀችም ነበር፣ ወይም ታውቅ ነበር።

«ነፋስ ነዋ» አለች። «ሌላ ምን እሰማለሁ? ቂል አደረግኸኝ እንዴ?»

በቆሎውን ከእጄ ወሰደች። «ቤት ውስጥ ዘለቀ ባልሁ ቁጥር እማዬ ታለቅሳለች። ጎረቤቱ ወሬ ይለውጣል። አንተ ብድግ ብለህ ትወጣለህ። እዚያ ስሄድ ግን ስሙን ስጠራ አንድ ነገር እም ይለኛል። ነፋስም ቢሆን። ሰው እም የሚለው ይፈልጋል።»

 አርባ ዓመት ሙሉ የፈራሁት የሚናገረውን ብረት ነበር። እሷን ወደዚያ የሰደዳት የእኛ ዝምታ መሆኑን አንድ ቀን አላሰብሁም። ለእሷ አዝነን፣ እንዳይከብዳት ብለን፣ ጭራሽ ብቻዋን እንድትሸከመው አድርገናት ኖሯል።

«ዘለቀ» አልሁ፤ ድምፄን ሳልቀንስ። ስሙ በአፌ ውስጥ እንግዳ ሆነብኝ። «ዘለቀ ሲስቅ አንድ ዓይኑን ይጨፍን ነበር።»

ነጠላዋን ከግንባሯ አወረደች። «ግራውን» አለች።

«ቀኙን ነው እንጂ።»

«የእኔ ወንድም ነው ወይስ ያንተ? ግራውን ነው።»

ባቡሩ ተመልሶ መጣ፤ ተያያዝን፤ ዳገቱን ቀስ እያለ ይወጣ ጀመር። አዲስ አበባ እስክንገባ ድረስ አልተስማማንም።